ወ ላይ ሲደርሱ፦ የአማርኛ ፊደል ስቴንስል ለሚክስድ ሚዲያ ሥራ

ስቴንስል ቅርጽ ተቆርጦ የወጣለት፣ በቀዳዳው በኩል ቀለም የሚቀባበት ስስ ሰሌዳ ነው፤ ሚክስድ ሚዲያ ደግሞ ቀለም፣ ወረቀት፣ ጨርቅና ሌላም ቁስ በአንድ ሸራ ላይ የሚገናኙበት ሥራ። «ተስፋ»ን በስቴንስል መቁረጥ ለጀማሪም አይከብድም። ሦስቱም ፊደላት ክፍት ናቸው፤ ምላጩ ዙሪያቸውን ዞሮ ሲጨርስ ውስጣቸው ብድግ ብሎ ይወጣል፣ የቀረው ቀዳዳ ራሱ ፊደሉ ነው። «ብርሃን»ም እንደዚያው። «ሕይወት» ላይ ግን ወ ያስቆማል። ዙሪያው ሲቆረጥ መሃሉ ያሉት ሁለት ግማሽ ክቦች አብረው ይወድቃሉ። የቀረው ድቡልቡል ቀዳዳ ቀለም ሲቀባበት እንጀራ እንጂ ፊደል አይሆንም።

ዙሪያቸው ተቆርጦ ያለ ደጋፊ የሚቀሩት እነዚህ ቁራጮች ደሴት ይባላሉ፤ ከቀሪው ፊልም፣ ማለትም ስቴንስሉ ከሚቆረጥበት ስስ ፕላስቲክ፣ ጋር አያይዘው የሚይዟቸው ቀጫጭን ማያያዣዎች ደግሞ ድልድይ። ፊደላችን ደሴት ይበዛበታል። ዐ አንድ አለው፣ ወ፣ ፀ እና መ ሁለት ሁለት፣ ቀ ደግሞ ግንዱ ክቡን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ እሱም ሁለት። ሃምሶቹም አያስተኙም፤ ቤ፣ ሌ እና ሴ እግራቸው ሥር ያለችው ቀለበት ውስጧ ደሴት ናት፤ ሎ እና ቶ ላይም ትንሽ ቀለበት አለች። «ሰላም»፣ «እምነት»፣ «ፍቅር»፣ «ምስጋና» ብለው ቢዘረዝሩ ሰው ሸራ ላይ ሊያነባቸው ከሚወዳቸው ቃላት ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ደሴት ያለበት ፊደል አላቸው።

ይህን ሁሉ ጣጣ ማን ይሸከመዋል ለሚል መልሱ አጭር ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። በገበያ ያለው የተዘጋጀ ስቴንስል በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ቢራቢሮ ወይም የጡብ ግድግዳ ነው። ያው ቢራቢሮ በስንቱ ሰው ሥራ ላይ እንዳረፈ ማሰብ ራሱ ያሰለቻል። የሚያበረታታ ቃል ደግሞ በባህሪው ባዶ ለመሆን ቅርብ ነው። «ተስፋ» የሚል ጽሑፍ በፎቶ ክፈፍ፣ በኩባያ፣ በቲሸርት ላይ አይተን ዓይናችን አልፎት መሄድ ለምዷል። ሸራ ላይ ሲውል ዓይንን የሚያቆመው የቃሉ ደግነት ሳይሆን አሠራሩ ነው፦ ፊደሉ እንዴት እንደተቆረጠ፣ ከሥሩ ምን እንዳለ፣ ምን ያህሉ እንደታየና ምን ያህሉ እንደተሸሸገ።

ድልድዩ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚወስነው ብዕር ነው። ብራና የሚጻፍበት የመቃ ብዕር ጫፉ ሰፊ ስለሆነ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ይጥላል። በዚህ ምክንያት የወ ክብ ግራና ቀኙ ወፍራም፣ ላይና ታቹ ቀጭን ነው። ድልድዩን ከቀጭኑ ቦታ ያስቀምጡት። እዚያ ብዕሩ ራሱ ሊነሣ ጥቂት የቀረው ስለሚመስል ዓይን ክፍተቱን ሳያስተውል ያልፋል። ወፍራሙ ጎን ላይ የተቀመጠ ድልድይ ግን ፊደሉን የተሰነጠቀ ያስመስለዋል። ለወ አራት ድልድይ ይበቃል፤ ከመሃለኛው መስመር ግራና ቀኝ፣ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። በአንድ ድልድይ ብቻ የተያዘ ደሴት ብሩሽ ሲነካው ብድግ ይላል፣ ቀለምም ከሥሩ ይገባል።

ልኩን በተመለከተ፣ ፊደሉ 6 ሴንቲ ሜትር ቁመት ካለውና ወፍራሙ መስመር ወደ 9 ሚሊ ሜትር ከሆነ ድልድዩ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው እጥበት ይበጠሳል። በካርቶን ከተቆረጠ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያስፈልገዋል፤ ካርቶን ቀለም ሲጠጣ ይልፈሰፈሳልና። ስቴንስሉ ከተነሣ በኋላ የድልድዩን ክፍተት በቀጭን ብሩሽ የሚሞሉ አሉ፤ ነውር የለውም። እኔ ግን ቢተው እመርጣለሁ። የተሞላ ድልድይ ሁልጊዜ ጠርዙ ከሌላው ይለያል፣ ሰውም ቶሎ ያውቀዋል።

ጃፓኖች ይህንኑ ችግር ለጨርቅ ማቅለሚያ በሚቆርጡት የካታጋሚ ወረቀት ላይ በሌላ መንገድ ፈትተውታል። የሾላ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ልጥ የሚሠራውን ወረቀት ደራርበው በካኪ ፍሬ ጭማቂ ያጣብቁታል፤ ጭማቂው ወረቀቱን ቡናማ አድርጎ ውሃ እንዳይበግረው ያደርገዋል። በጣም ደቃቅ ለሆነ ንድፍ ሁለት የተቆረጡ ንብርብሮች መሃል የሐር ክር ይዘረጉ ነበር፤ በኋላም ስስ የሐር መረብ መለጠፍ መጣ። ክሩ ቀጭን ስለሆነ ቀለሙ በሥሩ ያልፋል፣ ደሴቱም አይወድቅም። ይህ ቤት ውስጥም ይሠራል። ከሙሽራ ቬሎ የተረፈ ቱል ወይም ያረጀ አጎበር ወጥሮ በስቴንስሉ ጀርባ በውሃ በማይለቅ ማጣበቂያ መለጠፍ ነው። ከዚያ በኋላ ደሴቱን ያለ ምንም ድልድይ በቦታው ማስቀመጥ ይቻላል። ለስፕሬይና ለደረቅ ስፖንጅ ይሆናል፤ ፔስት የሚባለው፣ ገጹ ላይ ከፍ ብሎ የሚደርቀው ወፍራም ልቁጥ ግን የመረቡን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ሲነሣም ገጹን ያበላሻል።

ከፊደል ውጭ ለጀርባ ንድፍ የሚፈልጉ የብራና መጻሕፍትን ሐረግ፣ ማለትም ገመድ በገመድ የሚጠላለፍበትን የገጽ ጌጥ፣ ይመልከቱ። ሐረግ ለስቴንስል የተፈጠረ ይመስላል፤ አንዱ ገመድ ከሌላው ሥር የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ በተፈጥሮው ክፍተት ይፈልጋል፣ ያ ክፍተት ድልድይ ይሆናል። ገመዱ በሌላው ሥር ከመግባቱ በፊት በ2 ወይም በ3 ሚሊ ሜትር ማቆም፣ ከወዲያ ማዶ በዚያው ርቀት እንደገና መጀመር። የላይና የታች ነገሩ ሳይጠፋ ስቴንስሉም ይጠነክራል።

ለመቁረጥ ከሁሉ የሚሻለው ፊልም ፖሊስተር ነው፤ በሥዕል ዕቃ መደብሮች ማይላር እየተባለ ይሸጣል። ያንን ለማያገኝ የቆየ የራጅ ፊልም አለ፤ ሥጋው ያው ፖሊስተር፣ ውፍረቱም ወደ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለስቴንስል የተመቸ። ጥቁሩ ሽፋን ብር ያለበት ጀላቲን ስለሆነ በበረኪና ይለቃል። አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ በሰፊ ሳፋ አዘጋጅቶ ፊልሙን መንከር፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ በስፖንጅ ማሸት፤ በረኪናው ደካማ ከሆነ ረዘም ይላል። ጓንት ያድርጉ፣ ደጅ ይሥሩት፣ በረኪናውን ከኮምጣጤም ከአሞኒያ ካለበት ማጽጃም ጋር በጭራሽ አያገናኙት፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። የራጁ ጥግ ላይ የታካሚው ስም ስለሚኖር አስቀድመው ቆርጠው ያስወግዱት። ሽፋኑን ሳያነሡም መቁረጥ ይቻላል፣ ግን ፊልሙ ሲጠራ ከሥር ያለው ሥራ ይታያል፤ ፊደል ከፊደል ለማስተካከል ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጥራዝ ሽፋን የሚሆነው ጥርት ያለ ፕላስቲክም ያገለግላል፣ ማዕዘኑ ግን ቶሎ ይሰነጠቃል።

አቆራረጡ ላይ ሰው የሚሳሳተው ከኃይል ነው። በኮምፒውተር ተጽፎ የታተመውን ወይም በእጅ የተነደፈውን ፊደል ከፊልሙ ሥር አድርጎ በአራቱም ጎን በወረቀት ፕላስተር ማሰር። ከዚያ አዲስ ምላጭ። በአንድ ጠንካራ ግፊት ከመቁረጥ በሁለት ቀላል ምልልስ መቁረጥ ይሻላል፤ ጠንከር ብሎ የተገፋ ምላጭ ኩርባ ላይ ያመልጣል። ኩርባ ሲመጣ እጅ ሳይሆን ፊልሙ ይዙር። ማዕዘን ላይ ወደ ማዕዘኑ አይምጡ፣ ከማዕዘኑ ጀምረው ወደ ውጭ ይሂዱ፤ ከማዕዘን ያለፈች ጭረት ከዓመት በኋላም ብትሆን ከዚያው ትቀደዳለች። ትናንሾቹን ቀዳዳዎች መጀመሪያ፣ ትላልቆቹን መጨረሻ፤ ትልቁ ቀድሞ ከወጣ ፊልሙ ይልፈሰፈስና ትንሹን መቁረጥ ጭንቅ ይሆናል። ድልድይ ከተበጠሰ በሁለቱም ፊት ጥርት ያለ ፕላስተር ለጥፎ ትርፉን መቁረጥ ነው። ጠርዙ ላይ የቀረውን ሻካራ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጎ ማሸት፤ ያቺ ሻካራ ጠርዝ ፊልሙን ከሥራው ላይ በፀጉር ስፋት ታነሣውና ቀለም ታስገባለች። በፊደሉ ዙሪያ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ፊልም ይተው፤ ብሩሽ ሲያልፍ የሚያርፍበት ነው። ወጥቶ የወደቀውንም ፊደል አይጣሉት።

የሚሠራበት ገጽ ለስላሳ መሆን አለበት። አቡጀዲ በእንጨት ክፈፍ ላይ ወጥሮ፣ አንድ እጅ ኮላ በሦስት እጅ ውሃ በጥብጦ መቀባት፣ ሲደርቅ ሁለት ዙር የአክሪሊክ ጄሶ (ከቀለም በፊት ገጹን የሚያዘጋጅ ነጭ ቅብ)፣ በዙሮቹ መሃል በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማሸት። እዚህ ላይ ከግንባታ ዕቃ መደብር የሚገዛው ጀሶ አይሆንም፤ ድንጋይ ሆኖ ስለሚደርቅ ሸራው ትንሽ ሲታጠፍ ይፈረካከሳል። ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ) ከሆነ ሁለቱንም ፊት መቀባት ያስፈልጋል፣ አለዚያ ይቆለመማል። ጆንያ ላይ መሥራት ለሚወዱ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ፊደል ሽመናው ይበላዋል፤ ወይ ፊደሉን ማግዘፍ፣ ወይ ቦታውን ብቻ በጄሶ መድፈን። ኮላጅ የሚገባውም እዚህ ደረጃ ላይ ነው፦ የጋዜጣ ቁራጭ፣ የድሮ ደረሰኝ፣ የጥለት ጠርዝ፣ ሁሉም በኮላ ተለጥፎ በላዩም ኮላ ተቀብቶ። የወረቀቱ ጠርዝ ቀና ካለ ስቴንስሉ በላዩ ስለማይተኛ ማንኪያ ጀርባ ወስዶ እስኪተኛ መጫን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ከስቴንስል ሥር ቀለም የሚገባው በጠርዙና በሸራው መሃል ያለችው ቀጭን ክፍተት ፈሳሽ ስለምትስብ ነው። ቀለሙ በቀጠነና በበዛ ቁጥር የሚስበውም ይበዛል። ስለዚህ መፍትሔው አጥብቆ መጫን ሳይሆን ማድረቅ ነው። ከፎም ፍራሽ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ ቀለም ማስነካት፣ ከዚያ ጨርቅ ላይ መታ መታ ማድረግ፤ ጨርቁ ላይ እርጥብ ክብ ሳይሆን ደረቅ ነጠብጣብ መጣል ሲጀምር ዝግጁ ነው። ስቴንስሉ ላይም ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች መምታት፣ መጎተት የለም። በመጀመሪያው ዙር ፊደሉ የገረጣ ይመስላል፤ ይህን አይተው ብዙዎች ተጨማሪ ቀለም ያፈሱበትና ያበላሹታል። በአምስት ደቂቃ ልዩነት ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ሲደገም ይጠግባል። የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ለዚህ ይቀጥናል፤ በጥቂት የታልክ ዱቄት ማወፈር ይቻላል።

ጠርዙ ምላጭ የመሰለ እንዲሆን የሚፈልግ አንድ ዘዴ አለው። ስቴንስሉን ካጣበቀ በኋላ መጀመሪያ የሚቀባው የፊደሉን ቀለም ሳይሆን ከሥር ያለውን የገጹን ቀለም ነው። ሊገባ ያለው ይግባ፤ ቀለሙ ከገጹ ጋር አንድ ስለሆነ አይታይም፣ ሲደርቅ ግን ክፍተቱን ይደፍናታል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ትክክለኛው ቀለም ሲመጣ የሚገባበት የለውም። ኮላጅ በበዛበትና አንድ ወጥ ቀለም በሌለው ገጽ ላይ በምትኩ ጥርት ብሎ የሚደርቅ የአክሪሊክ ሚድየም፣ ማለትም ቀለም ያልገባበት አክሪሊክ፣ ይጠቀሙ። ለስፕሬይ ደግሞ ርቀቱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር፣ አቅጣጫው ቀጥ ብሎ፣ ዙሩ ሦስት ቀላል ቀላል። አግድም የተነፋ ስፕሬይ ከጠርዙ ሥር ሰተት ብሎ ይገባል። የነፋሱ ግፊት ደሴቶቹን ስለሚያነሣ በየደሴቱ ላይ ሳንቲም ማስቀመጥ ይረዳል፤ ደሴቱ ከሳንቲሙ ካነሰ ብሎን ወይም ጠጠር።

ፔስት ስቴንስልን ከጽሑፍነት ወደ ቅርጽነት ያሸጋግረዋል፤ ለእኔ ስቴንስል በሚክስድ ሚዲያ ውስጥ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው። የተገዛ ከሌለ ሁለት እጅ ታልክ፣ አንድ እጅ ኮላ፣ ግማሽ እጅ ነጭ አክሪሊክ ቀለም ማደባለቅ ነው፤ ከማንኪያ ሲገለበጥ ሳይወድቅ እስኪቆይ ድረስ ዱቄቱን እያስተካከሉ። ታልኩ የበቆሎ ስታርች ያለበት የሕፃን ፓውደር እንዳይሆን ያንብቡ፤ ስታርች እርጥበት ባለበት ቤት ይሻግታል። ስቴንስሉን በአንድ ጎን ብቻ በፕላስተር ማሰር፣ እንደ ማጠፊያ እንዲያገለግል። ፔስቱን በስፓቱላ አግድም ይዞ በአንድ አቅጣጫ መሳብ፤ ወዲያና ወዲህ ሲባል ስፓቱላው ድልድዩን ያነሣዋል። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከ4 ካለፈ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ውስጡ ሲሸማቀቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን ሆነ ብለው የሚፈልጉት አሉ፣ እሱ ሌላ ነው።

ከዚያ ወዲያውኑ ስቴንስሉን ማንሣት። «ትንሽ ይድረቅ» ማለት የሁሉ ስሕተት አባት ነው፤ ግማሽ የደረቀ ፔስት ጠርዙን ከፊልሙ ጋር ይዞ ይነሣል። ካልታሰረው ጎን ቀስ ብሎ ቀጥ አድርጎ ማንሣትና ፊልሙን አጠገብ ባለ ባልዲ ውሃ ውስጥ መክተት። ፔስቱ በደረቅ አየር በ24 ሰዓት ይጠነክራል፣ በክረምት ሁለት ቀን ይስጡት። ብርድም ይቆጠራል። የአክሪሊክ ቀለምና ኮላ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲደርቁ ጠጣር ቅንጣቶቹ በደንብ ስለማይዋሐዱ ሲነኩት የሚረግፍ ይሆናል። በደጋ አገር ማታ ሠርቶ በረንዳ ላይ ያሳደረ ሰው ጠዋት ፔስቱ ኖራ መስሎ ቢያገኘው ምክንያቱ ይህ ነው።

ቁሱ ከተያዘ በኋላ የሚቀረው መቆጠብ ነው። ስቴንስሉ ሙሉ ስለሆነ ሥራው ላይም ሙሉ መሆን የለበትም። ሐረጉን ከጥግ ጀምሮ ሢሶውን ብቻ ማሳረፍ፣ ወደ መሃል ሲመጣ እየደበዘዘ እንዲጠፋ ፎሙን ማድረቅ፤ የፊደሉን ግማሽ ከሸራው ጠርዝ ውጭ ማድረግ። ሠዓሊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደላችንን በብሩሽ እየሰበረ፣ እየለጠጠና እየገለበጠ ሲሥል ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ሥራው ስቴንስል ባይሆንም ለስቴንስል ሠሪ የሚነግረው አለ። ፊደል ሳይነበብም ፊደልነቱ ይታወቃል፣ ተመልካቹም ሊያነበው ሲታገል ሥራው ፊት ይቆያል። አንድ ሸራ ላይ «ተስፋ» የሚለው ቃል አምስት ጊዜ ከተጻፈ አራቱ የማይነበቡ ቢሆኑ ጥሩ ነው፦ በጣም የገዘፈ፣ ግማሹ የተሸፈነ፣ ከገጹ ቀለም በጥቂቱ ብቻ የሚለይ።

ለዚህ ከሁሉ የምወደው መቀባት ሳይሆን መጥረግ ነው። የታችኛው ንብርብር በደንብ የደረቀ፣ ደመቅ ያለ ይሁን፤ ቢጫ ወይም ብርቱካን እንበል። በላዩ ጠቆር ያለ አክሪሊክ በውሃና በሚድየም አቅጥኖ በስሱ መቀባት፤ ሳይደርቅ ስቴንስሉን አስቀምጦ በረጠበ ጨርቅ በቀዳዳዎቹ በኩል መጥረግ። ፊደሉ ከሥር በነበረው ቀለም ይወጣል። ጊዜው አጭር ነው፣ በደረቅ አየር ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፤ ስለዚህ ትልቅ ገጽ በአንድ ጊዜ አይቅቡ። ጨርቁ ከመጠን በላይ ከረጠበ ውሃው ከስቴንስሉ ሥር ገብቶ ጠርዙን ያቀልጠዋል። ቆርጠው ያስቀመጡት የወደቀ ፊደልም እዚህ ሥራ ያገኛል። ገጹ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በስፕሬይ ሲነፉ ፊደሉ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ደሴቶቹን ግን አብረው ካላስቀመጡ ወ ክብ ሆኖ ነው የሚወጣው። በስቴንስሉ ላይ የቀረውን ቀለም ላለማባከን ገልብጦ ማተም በጌጥ ንድፍ ያምራል፣ በፊደል ግን ተገልብጦ ይነበባል።

የሚነበበው አንዱ ቃል ግን ይነበብ። ቀለሙ መለየቱ ብቻ አይበቃም፣ ብርሃንና ጥላውም መለየት አለበት፤ ቀይ ፊደል አረንጓዴ ላይ እየጮኸም ሊጠፋ ይችላል። በስልክ ፎቶ አንሥቶ ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየር ነው፤ ቃሉ በዚያ ፎቶ ላይ ካልታየ ከሦስት ሜትርም አይታይም።

ቫርኒሽ ላይ ለሚደርሱ፣ በኮላ የተሠራ ፔስት ከደረቀም በኋላ ውሃ ሲያገኝ ይለሰልሳል። በብሩሽ የሚቀባ ውሃ ነክ ቫርኒሽ በቀጥታ ሲመጣበት ጠርዙን ይጎትተዋል፣ ነጭ ጭረትም ይተዋል። ቢያንስ ሦስት ቀን ይድረቅ፣ መጀመሪያ በስፕሬይ ቫርኒሽ ሁለት ቀላል ዙር ይነፋ፣ ከዚያ በኋላ ብሩሽ ይምጣ። የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ በፊደሎቹ ጥግ ሲጠራቀም ጥቁር ገጽ ላይ እንደ ወተት ስለሚነጣ ሳይደርቅ በደረቅ ብሩሽ ጫፍ ማንሣት ያስፈልጋል። ስቴንስሎቹን አጥቦና አድርቆ በመሃላቸው ወረቀት እያደረጉ ማስተኛት ነው። አክሪሊክ የደረቀበት ፊልም ካለ ለብ ባለ ሳሙናማ ውሃ ሌሊቱን ይደር፤ ጠዋት ቀለሙ እንደ ልጣጭ ይነሣል። በጥፍር ለመፋቅ የቸኮለ ግን ድልድዩንም አብሮ ያነሣዋል።